ነጠላና ንቅሳት

ጉርድ ፎቶ ልነሳ ሄጄ ነው ይህን ጉድ ያየሁት።

ለመታወቂያ እድሳት «አራት ጉርድ ፎቶ ይዘህ ና» ተብዬ፣ አራት ኪሎ አካባቢ ካለች አንዲት ፎቶ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ጥቁር ቀሚስ ላይ ነጠላ አጣፍተው፣ ስልካቸውን እንደ እንቁላል በሁለት እጃቸው አቅፈዋል። የባለቤታቸው ሙት ዓመት ደርሷል፤ ስልኳ ውስጥ ያለችውን ፎቶ በትልቁ አሳጥበው ሳሎን ሊሰቅሉ ነው የመጡት።

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። እጁ ፈጣን ነው፤ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ከበሮ የሚመታ ይመስላል።

«እማማ፣ ምንም አያስቡ፤ አሳምሬ ነው የምሠራልዎት» አላቸው።

ፎቶ ቤት ውስጥ «አሳምሬ» ሲባል የሰማ ሰው ኪሱን ትቶ ፊቱን ይጠብቅ።

ልጁ ስልኳን በገመድ ሰካና ፎቶዋን «ካት» ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ «ፔስት» አደረጋት። ኮፒ አላለም፤ ካት ነው ያለው። ከስልኳ ነቅሎ ወሰዳት ማለት ነው። ኋላ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ልማድ ነው ጋሼ» አለኝ።

የሰውየው ፊት ስክሪኑን ሞላው። ስድሳውን ያለፉ፣ ከልባቸው የሚስቁ፣ ግንባራቸው የተሸነሸነ፣ ከግራ ቅንድባቸው በላይ የጥፍር ያህል ጠባሳ ያለባቸው ሰው ናቸው። ልጁ ብሩሹን አንስቶ ከግንባር ጀመረ። ሽንሽኑ ሄደ። ከዓይን ሥር የተንጠለጠለው ሄደ። ጠባሳዋ ሁለት ጠቅታ እንኳ አልፈጀችም። ከዚያ አገጭ፣ ከዚያ አንገት። በመጨረሻም «ትንሽ ብርሃን» አለና ፊታቸውን ቀላ አደረገው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የልጅ ልጅ ያዩት አባወራ የማስቲካ ማስታወቂያ የሚሠራ ጎረምሳ ሆነው ቁጭ አሉ። ማሽኑ «በድሮው ላይ ልጻፍበት ወይ?» ብሎ ጠየቀው። ሳያነብ «አዎ» አለው። ፋይሉን ዘጋ፤ ወደ ማተሚያው ላከ።

እማማ ወረቀቱን ተቀበሉ። መነጽራቸውን አወጡ። ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብለው አዩት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ የማን ልጅ ነው?»

«ባለቤትዎት ናቸዋ፣ እማማ!»

«የኔ ባል ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለችው።»

«እሷን እኮ አጠፋሁልዎት።»

«ማን አጥፋ አለህ?»

ወረፋ የያዝነው ሁሉ ጫማችንን ማየት ጀመርን። እማማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በል መልሳት» አሉት።

«አትመለስም እማማ፤ ሴቭ ሆናለች።»

ይቺ «አትመለስም» ናት ከወንበሬ ያስነሳችኝ። ምክንያቱም ልጁ ፊት ለፊት የተከፈተው ፎቶሾፕ የሚባል መሣሪያ ይህ ቃል እንዳይነገር ከሰላሳ ዓመት በላይ ሲደክም የኖረ ነው።

ለልጁ ፍርድ እንዳይጎድልበት ከመጀመሪያው ላንሳ። ፎቶሾፕን የጠነሰሱት ቶማስ ኖል እና ጆን ኖል የሚባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች ናቸው። አዶቢ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1990፣ በእኛ በ1982 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ገበያ ላይ ሲያወጣው ልክ እንደዚህ ልጅ ነበር፤ ጨካኝ። ያበላሹትን መመለስ የሚቻለው አንድ እርምጃ ብቻ ነው። ሁለተኛ ስህተት የሠራ የመጀመሪያውን ይዞ ይቀበራል። ንስሐ አንድ ጊዜ ብቻ እንደማለት ነው።

ከዚያ ቀስ በቀስ ልብ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1994 በ3ኛው ሥሪት ሌየር የሚባለው መጣ፤ ሥዕልን በሥዕል ላይ እንደ መስታወት መደራረብ ተቻለ። በ1996 በ4ኛው ሥሪት ብርሃንና ቀለምን ራሳቸውን የቻሉ ሌየር አድርጎ ከላይ መደረብ ተጀመረ፤ ከሥር ያለው ፎቶ አይነካም። በ1998 እርምጃን ሁሉ የሚመዘግብ ዝርዝር ጨመረ። በ2005 ፎቶን ጠቅልሎ የሚጠብቅ ስማርት ኦብጀክት፣ በ2007 ደግሞ ማደብዘዣውም ማጥሪያውም እንደ ልብስ የሚለበስበትና የሚወልቅበት ስማርት ፊልተር ተከተለ። በዚያው በ2007 የወጣው ላይትሩም የሚባል መሣሪያ ጭራሽ ፎቶዋን ላለመንካት ምሎ የመጣ ነው። የሚያዙትን ሁሉ ለብቻው ይመዘግባል፤ «አውጣልኝ» ሲባል አዲስ ቅጂ ሠርቶ ይሰጣል እንጂ ዋናዋ ላይ እጁን አያሳርፍም።

«ገንዘብ የለኝም» ለሚለውም መላ አለ። ጂምፕ የሚባለውን ነፃ መሣሪያ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ጀመሩት፤ በመጋቢት 2025 የወጣው 3ኛው ሥሪቱ ደግሞ ፊልተሮቹን ሳይጨፈልቅ ከሌየሩ ጋር አንጠልጥሎ ማቆየት ችሏል። ዛሬ የጫንከውን ማደብዘዣ ነገ ከፍተህ ቁጥሩን መቀነስ፣ ከነገ ወዲያ ነቅለህ መጣል ትችላለህ። ይህን ያህል ጥበብ፣ ይህን ያህል ዘመን የፈሰሰው ጠባሳ ቢጠፋ እንዲመለስ ነው። እኛ ፎቶ ቤት ሲደርስ «ካት»፣ «ፔስት»፣ «አዎ»።

የሁለቱን ልዩነት ኮምፒውተር ሳልነካ በእናቶቻችን ላስረዳ። ነጠላ አለ፤ ንቅሳት አለ።

ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ መስቀለኛ ይጣፋል፤ ለቅሶ ቤት ጥለቱ ወደ አንገት ይዞራል፤ ድግስ ቤት ወገብ ላይ ይታሰራል፤ ብርድ ሲሆን ራስ ላይ ይጣላል። በአንድ ቀን አራት ዓይነት ሴት ታያላችሁ፤ ከሥሩ ያለችው ግን አንዲት ናት፤ ማታ አውልቃ ትሰቅለዋለች። ንቅሳትስ? በልጅነቷ አንገቷን የተነቀሰች ሴት አድጋ ከተማ ገብታ ሐሳቧን ብትለውጥ፣ አንገቷ ሐሳቧን አይከተላትም።

ብሩሽን በቀጥታ ፎቶ ላይ ማሳረፍ ንቅሳት ነው። ፎቶ ማለት ለማሽኑ ተደርድረው የተቀመጡ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ የቀለም ቁጥር አላት። ልጁ ጠባሳዋን ሲያጠፋ የነጥቦቹን ቁጥር በሌላ ቁጥር ተካ። የድሮው ቁጥር ምን ነበር ቢባል ማሽኑም አያውቅም። የሌየሩ መንገድ ግን ነጠላ ነው። «እዚህ ጋ ይህን ያህል ይብራ» የሚል ትእዛዝ ከላይ ይቀመጣል፤ ከጎኑ የዓይን ምልክት አለች። ዓይኗን ስትነኳት ትእዛዙ ይተኛል፤ ስትደግሙት ይነሳል። ፊቱ ይብራ፣ ፀጉሩ ይቅር ብትሉ ደግሞ ማስክ የሚባል አለ፤ ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይከልላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሥር ያለው ሰውዬ አልሰማም፤ እየሳቀ ነው።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ ቢሆን አይገርመኝም ነበር። የብራና መጻሕፍት ያገላበጠ ሰው ሁለቱንም ጠባይ ያውቃቸዋል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የቀድሞው ባለቤት ስም በስለት ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል። ብራናው ይሳሳል፤ የፊተኛው ሰውዬ ግን ማን እንደነበር ይጠፋል። ይሄ የልጁ መንገድ ነው። በሌላ በኩል የትርጓሜ መምህራኑ አሉ። የግእዙን ንባብ አይነኩትም። ንባቡን እንዳለ ያስቀምጡና ከሥሩ «አንድም» ይላሉ። ይፈቱታል፤ ደግመው «አንድም» ብለው በሌላ ይፈቱታል። ሦስተኛው አንድም ሁለተኛውን አይፍቀውም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አይከድነውም። የመጣ ተማሪ ሁሉን ሰምቶ ወደ ንባቡ መመለስ ይችላል። ወንድማማቾቹ ኖሎች ጎንደር መጥተው ጉባኤ ቤት ቢቀመጡ ኖሮ ከ1990 እስከ 2007 ባልደከሙ ነበር።

ወደ ፎቶ ቤቱ እንመለስ። ጥፋቱ የልጁ ብቻ አይደለም፤ ያሳደግነው እኛ ነን። ወረፋ ይዤ በቆየሁባት ግማሽ ሰዓት የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንዷ «ትንሽ ቀላ አርገኝ፤ ግን እንዳይታወቅ» አለች። ከስክሪኑ ላይ ስትነሳ ፊቷ ከስቶክሆልም እጇ ከደብረ ብርሃን ነው፤ እጇን ረስቶታል። ሌላው ለምርቃት ያልለበሰውን ጋዋን አልብሰኝ አለ። አንድ ጎልማሳ ደግሞ የሰርጉን ፎቶ ይዞ መጥቶ፣ ሰርጉን ሳያዩ የሞቱትን አባቱን ከሚዜዎቹ ጎን እንዲያስገባለት ለመነ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ልጁም አባትየውን ሲያስገባ ጥንቃቄው ሌላ ነበር፤ ጥላቸውን ሳይቀር ሠራላቸው። ችሎታ እንደማያንሰው ያን ጊዜ ገባኝ። የሚያንሰው «ኮፒ» የምትባል አንዲት ጠቅታ ናት።

የድሮዎቹ ፎቶ ቤቶችም ቅዱሳን አልነበሩም። የተቀባ መጋረጃ ፊት አቁመው ከፏፏቴ ሥር ያነሱን ነበር፤ ጥቁርና ነጩን ፎቶ በእጅ ቀለም ቀብተው ከንፈራችንን ቀይ ያደርጉት ነበር። ግን ነጋቲቩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከንፈሬ በዛ ያለ ደንበኛ ቢመጣ ከመሳቢያው አውጥተው እንደገና ያጥቡለታል። ዘመናዊው ልጅ መሳቢያ የለውም። ሃርድ ዲስኩ ስለሞላ በየሳምንቱ ዓርብ ይጠርገዋል፤ ፎቶሾፑ ራሱ ከጓደኛ ፍላሽ የተገለበጠ ነው።

ሃርድ ዲስክ ለመቆጠብ ሲባል የሚሠራው ሌላ ግፍ ደግሞ አለ። ጄፔግ የሚባለው የፎቶ ዓይነት ፋይሉን ትንሽ የሚያደርገው ዓይን ልብ የማይለውን ዝርዝር እየጣለ ነው። አንዴ ቢጥል አይታወቅም። ከፍታችሁ ነካክታችሁ እንደገና ስታስቀምጡ ግን እንደገና ይጥላል፤ በሦስተኛው እንደገና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው ነገሩ። ከዚያም በቴሌግራም ይላካል፤ ቴሌግራም እንደ «ፎቶ» ሲልኩት ይጨምቀዋል፣ እንደ «ፋይል» ሲልኩት እንዳለ ያደርሰዋል። እኛ «ፋይል» የምትለዋን ነክተናት አናውቅም። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ የላከችልኝ የአያታችን ፎቶ በስንት ዘመድ ስልክ እንደዞረ እንጃ፤ እኔ ጋ ሲደርስ በረካውን አልፎ አተላው ነበር። አያቴን ያወቅኋት በነጠላዋ አጣጣፍ ነው።

እስቲ ደግሞ ተቃራኒውን እንይ፤ የሚያውቁትም አይሻሉም። የሰርግ አልበም የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። «ዋናው አይነካም» የሚለውን ትምህርት እስከ ምናኔ ያደረሰ ሰው ነው። ምንም አያጠፋም፤ ምንም አይጨፈልቅም፤ ምንም ደግሞ አይጨርስም። አንድ የሙሽራ ፎቶ ላይ ስድሳ ሌየር ቆጥሬበታለሁ። ስማቸው «ሌየር 1 ኮፒ»፣ «ሌየር 1 ኮፒ 2»፣ «ሌየር 1 ኮፒ 2 ኮፒ» ነው። የትኛው የሙሽራዋን ቬሎ እንደሚያነጣ፣ የትኛው የአማቷን ኩርፊያ እንደሚያለዝብ እሱም አያውቅም። አንዱን ዓይን ሲያጠፋ ያልታሰበ ነገር ይጠፋል፤ ደንግጦ ያበራዋል። የፎቶሾፕ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ በተለመደው ዓይነት አልቀመጥም ይላል፤ ወዳጄ ያን ወሰን ያወቀው ከማንበብ አይደለም፤ ደርሶበት ነው።

ደንበኞቹ ደግሞ ነገሩ እንደሚመለስ የሰሙ ቀን አለቀላቸው። «ትንሽ አቅጥነኝ።» አቀጠናት። «በዛ፤ ትንሽ መልሰኝ።» መለሳት። «ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ፣ ከአሁኑ ትንሽ ከፍ።» የማይመለስ ነገር ሰውን «በቃ» ያሰኛል። የሚመለስ ነገር ላይ «በቃ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እኒያ ሙሽሮች የሰርግ አልበማቸውን የተቀበሉት የበኩር ልጃቸውን ክርስትና ካነሱ በኋላ ነው፤ ወዳጄ «የልጁንም ፎቶ መጨረሻ ገጽ ላይ ላስገባላችሁ?» ብሎ እንደ ምርቃት አቀረበላቸው።

እኔስ? እኔ ኮምፒውተር ላይ አንዲት የራሴ ፎቶ አለች። ፋይሎቹ እንዲህ ይነበባሉ፦ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «የእውነት የመጨረሻ»፣ «በቃ ይህ ነው»፣ «በቃ ይህ ነው አዲሱ»። ዋናው ፎቶ የትኛው ነው ብትሉኝ ፀጉሬ የሳሳበት ነው እላለሁ። ፀጉሬ ያልሳሳበት ግን የለም፤ ስለዚህ አላወቅሁም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ኃጢአት ተሸክሜ ነው እንግዲህ እንደ ሊቅ ከወንበሬ ተነስቼ ልጁ ኋላ የቆምኩት።

«ኮንትሮል ዜድ ብትለውስ?»

«ዘግቼዋለሁ ጋሼ።»

ፋይል ሲዘጋ የእርምጃ ዝርዝሩ አብሮ ይሞታል። ባይዘጋም ኮንትሮል ዜድ ብቻውን አያድንም ነበር፤ ፎቶሾፕ ካልቀየሩት በስተቀር የሚያስታውሰው 50 እርምጃ ነው፤ የዚህ ልጅ እጅ 50 ብሩሽ ለመጣል ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

«ስልካቸው ላይስ?»

«ካት አርጌው...» ከዚህ በኋላ ያለውን አልጨረሰም።

እማማን «ለሌላ ሰው ልከዋታል?» አልኳቸው። ያነሳው የልጅ ልጃቸው ነው፤ የሱ ስልክ ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ ተሰርቋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው፤ ግንባር ሊያሳምር ግንባሩን ጣለው። ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። «ጠባሳዋን በብሩሽ ልሥራት?» አለ። እማማ ዝም ብለው አዩት። ያገቡትን ሰው ጠባሳ ልብ ብሎ ያላየው ልጅ ሊሥለው ነው።

ከዚያ እማማ መቀነታቸውን ፈቱ። ከመቀነቱ መሐረብ ወጣ፤ ከመሐረቡ ላስቲክ፤ ከላስቲኩ አንዲት ያረጀች የቀበሌ መታወቂያ። ባለቤታቸው ከሃያ ዓመት በፊት የተነሱት ጉርድ ፎቶ ተለጥፎባታል። ክብ ማህተም አገጫቸውና ትከሻቸው ላይ አርፏል። ከግራ ቅንድባቸው በላይ ግን ጠባሳዋ ቁጭ ብላለች።

«ይሄ ነው» አሉ እማማ፤ «ከዚህ ሥራው።»

መታወቂያዋ ስካነር ላይ ተጋደመች። ልጁ ብሩሹን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። መጀመሪያ ስካኑን በሌላ ስም አስቀመጥን፤ ያቺን የሚነካት የለም። ቀጥሎ ከላዩ ባዶ ሌየር ከፈተና ማህተሙን እዚያ ባዶው ላይ እየሸፈነ አጠፋው፤ ከሥር ያለው እንዳለ ነው። ከዚያ ላይ ሌላ ሌየር፣ ለብርሃን። ዓይኗን አጥፍቶ አሳያቸው፤ አብርቶ አሳያቸው።

እማማ ቀረብ አሉ። «እስቲ ድገመው።» አጠፋው። «አብራው።» አበራው። ሰባት ጊዜ ያህል አስደገሙት። ማህተሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ባልየው ይጠቁራሉ፣ ይበራሉ፤ ጠባሳዋ ካለችበት ንቅንቅ አትልም። ልጁ ልማዱ አልለቀው ብሎ ማውሱ ግንባር አካባቢ ሲደርስ እማማ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ ቀሰሩ።

«ማህተሙን አጥፋው። ፊቱንም አብራው። ጠባሳዋን ግን እንዳትነካብኝ፤ እኔ ያገባሁት ከነጠባሳዋ ነው።»

ታተመ። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ሲወጡ ልጁን መረቁት። ሊከፍሉ ሲሉም አልቀበል አላቸው፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን መቀበል የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።

ተራዬ ደረሰ። ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ብልጭ አለ። ፊቴ ስክሪኑን ሞላው። የዓይኔን ሥር አየሁት፤ ሽበቴን አየሁት፤ ልጁም አየው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ላሳምርዎት?» አለኝ። ፈራ ተባ እያለ ነው፤ ከአሥር ደቂቃ በፊት የሰበክሁት ጆሮው ላይ አለ።

ግራና ቀኝ አየሁ። «በሌላ ሌየር ላይ ከሆነ...» አልኩት፤ «ዋናውን እንዳትነካው እንጂ።»

በማግስቱ አራቱን ጉርድ ይዤ መታወቂያ ወደሚታደስበት መስኮት ሄድኩ። ሠራተኛዋ ፎቶውን አየች፤ እኔን አየች፤ እንደገና ፎቶውን አየች።

«የራስዎን ፎቶ ነበር ያልንዎት፤ የልጅዎን አምጡ አላልንም።»

ተመልሼ ሄድኩ። ልጁ ምንም አልጠየቀኝም። ፋይሉን ከፈተ፤ ዓይኗን አንድ ጊዜ ጠቅ አደረጋት፤ ሽበቴም የዓይኔ ሥርም ከነሙሉ ክብራቸው ተመለሱ። ለህትመቱ ሁለተኛ ከፈልኩ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ማሳመሩን ተዉ አልላችሁም፤ እኔም አልተውኩትም። ብትችሉ በሌየር አሳምሩ፤ ባትችሉ ቅጂው ላይ አሳምሩ፤ ፎቶ ቤት ስትሄዱም «ካት» ሳይሆን «ኮፒ» በሉ። ዋናውን ግን አስቀምጡት። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ የምታውቀው እሱን ብቻ ነው።